ስለ አጋዘን ማንን እንጠይቅ?

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባለ ነጭ ጅራቱን አጋዘን ለማደን የተነሳ ጀማሪም ከጥሩ ጠመንጃ ይልቅ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይጠቅመዋል። ነገር ግን «ጥሩ ቦታ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ቀና መልስ አያገኝም፤ ዓመታት ለፍቶ ያገኘውን ቦታ ለእንግዳ የሚሰጥ አዳኝ የለም። ስለ ቦታው ትቶ ስለ እንስሳው ለጠየቀ ግን ብዙው ሰው ሳይሰስት ያወራል።

ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ «ዘንድሮ የትኛው ኦክ አፈራ?» የሚለው ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አጋዘን አጥብቆ የሚፈልገው የኦክ ዛፍን ፍሬ ነው። የነጩ ኦክ ፍሬ በአንድ ወቅት ይደርሳል፤ ምሬቱም ትንሽ ስለሆነ አጋዘን እሱን ያስቀድማል። የቀዩ ፍሬ ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ታኒን የሚባለው መራራ ነገር ስለሚበዛበት ብዙውን ጊዜ ነጩ ሲያልቅ ይበላል። ሁለቱ በቅጠላቸው ይለያሉ፤ የነጩ ጫፎች ክብ፣ የቀዩ ሹል ናቸው። ዛፎቹ በየዓመቱ እኩል አያፈሩም። ስለዚህ አምና አጋዘን የሞላበት ጫካ ዘንድሮ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው በመስከረም ጫካውን የረገጠ ሰው ነው።

ገበሬው ሌላ ነገር ያውቃል። አኩሪ አተሩን አጋዘን የሚፈጅበት ሰው ምሬቱ ራሱ መረጃ ነው፤ በየትኛው የማሳ ማዕዘን እንደሚገቡ፣ ሳይመሽ ይሁን ከመሸ በኋላ እንደሚወጡ ይናገራል። ደጁ የሚኬደው የአደኑ ወራት ሳይገባ፣ በቀን፣ ያለ ጠመንጃ ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግል መሬት ማደን ወንጀል መሆኑም አይዘንጋ።

ሕግን በተመለከተ ግን ጎረቤት አይጠየቅም። በቨርጂኒያ በቆሎ ደፍቶ አጋዘን አባብሎ ማደን ክልክል ነው፤ የሚፈቅዱ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ግን አሉ። ትክክለኛውን የሚነግረው የክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያሉት ባዮሎጂስቶች ስለ በሽታም ይመልሳሉ። አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለው ሲ ደብሊው ዲ የተባለ የአንጎል በሽታ በቨርጂኒያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በሽታው ባለበት አካባቢ ያደነ ሰው የገደለውን እንስሳ የት እንደሚያስመረምርና የአጋዘኑን የትኛውን ክፍል ከአካባቢው ማውጣት እንደማይችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ።

የሰሙትን ሁሉ በቀኑ ይመዝኑ። በነሐሴ አብረው ሲግጡ የታዩ ወንዶች መስከረም ሲገባ ይለያያሉ። በኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ደግሞ ሴት ፍለጋ ስለሚዞሩ የነሐሴው ወሬ አይሠራም። ስለዚህ «አየሁ» ላለዎት ሰው «መቼ? በስንት ሰዓት? ነፋሱስ ከየት ነበር?» ይበሉት። በዓይኑ ያየ ሰው ቢያንስ አንዱን ይመልሳል፤ የሰማውን የሚያወራ ግን ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገራል።

አደኑ ሲያበቃ ደግሞ ያዩትን መልሰው ይንገሩ። ገበሬው ከማሳው ማዶ ስንት አጋዘን እንዳደረ ማወቅ ይፈልጋል፤ ባዮሎጂስቱም የታመመ የሚመስል እንስሳ ታይቶ ከሆነ መስማት ይፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ስልክዎን ቶሎ የሚያነሳው እንዲህ ያደረጉለት ሰው ነው።