ሕፃናት አጥርተው እንዲያነቡ ስለ ማስተማር

ንባብ የትምህርት ሁሉ በር ነው። በሩ ያልተከፈተለት ሰው በቤት ውስጥ ያለውን ሀብት ሊያገኝ እንደማይችል፥ እንደዚሁም ንባብን ያላወቀ ሕፃን የሒሳብንም የታሪክንም የጤና አጠባበቅንም ትምህርት ከመጽሐፍ ሊቀበል አይችልም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ከክፍሎች ሁሉ ያነሱ መስለው ቢታዩም የቀሩት ክፍሎች የሚቆሙት በነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ በትንሽ ወረዳ ያሉ መምህራንና የአገር ሽማግሎች ከሁሉ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጆቻቸው በእውነት ያነባሉን? ወይስ የሚያነቡ ይመስላሉ? የሚል ነው።

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ሕፃኑ በፊደል ገበታ ፊት ቆሞ ከሀ እስከ ፐ ያለውን በዜማ ያወርደዋል፤ አባቱም ሰምቶ «ልጄ ፊደል ለየ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን መምህሩ ከገበታው መካከል በአንዲቱ ፊደል ላይ ስንደዶውን አኑሮ «ይህች ማን ናት?» ብሎ ቢጠይቀው ሕፃኑ ዝም ይላል፤ ወይም ከመስመሩ ራስ ጀምሮ በቃሉ እየቈጠረ እስኪደርስባት ድረስ ስሟን ሊናገር አይችልም። አፉ ዜማውን ተምሯል፤ ዓይኑ ግን ፊደሏን ገና አላወቃትም። እንዲህ ያለው ሕፃን ከጓደኞቹ ጋር ባንድነት ሲጮኽ ያነበበ ይመስላል፤ ለብቻው መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ የአገሩ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምርመራ ከ100 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ስንኳ ሊያነቡ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ያህል በክፍል ተቀምጠው ሳለ ንባብ አልደረሳቸውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ወደ 3ኛና ወደ 4ኛ ክፍል ሲያልፍ መጻሕፍቱ ሁሉ የተዘጉ ይሆኑበታል፤ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ሌሎች የሚሉትን ይደግማል፤ መጨረሻውም ወደ ከብት ጥበቃ መመለስ ይሆናል። ቤተሰቡም «ትምህርት አልገባው አለ» ይላል። አለመግባቱ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለብቻው የሚሰማው ሰው ስላላገኘ ነው።

የዚህን ሕመም መድኃኒት የቀድሞ መምህራን በከፊል አውቀውት ነበር። በየኔታ ጉባኤ ሕፃኑ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ያፈርሳል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ከግእዝ ወደ ካዕብ፥ ከካዕብ ወደ ሣልስ በሰያፍ ይወርዳል። ስለዚህ በሀሁ ዜማ ብቻ የተማመነ ሕፃን በአቡጊዳ ይያዛል፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ካላወቀ ሊሄድ አይችልም። ከዚያም በኋላ ንባቡን በአንድ ጊዜ አያሮጡትም፤ መጀመሪያ በቍጥር እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ ያስጠራሉ፤ ከዚያ በግእዝ፥ ከዚያ በውርድ፥ መጨረሻ በቁም ንባብ ያስኬዱታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፤ ሕፃኑ የኔታ ባይመቻቸው ከእርሱ ከፍ ባለ ተማሪ ፊት ዕለት ዕለት ለብቻው ይሰማል። ቁርኣን በሚቀራበትም ቤት ሕፃኑ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ለብቻው ያሰማል።

ነገር ግን በቀድሞው ትምህርት ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው ሕፃኑ የማያውቀውን ቋንቋ ማንበቡ ነው፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ስንኳ የነበበው ምን ማለት እንደ ሆነ ሳያውቅ ብዙ ዘመን ይቆይ ነበር። ሁለተኛው ልምጭ ነው፤ የፈራ ሕፃን ዓይኑ ከመጽሐፉ ይልቅ የመምህሩን እጅ ይመለከታልና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ የመጀመሪያው ጉድለት የሚወገድበት መንገድ ተከፍቷል። እንግዲህ ከቀድሞው የተራውን መፍረስና የእያንዳንዱን መሰማት መያዝ፥ ልምጩንና ትርጕም የሌለውን ድግም መተው የተገባ ነው።

ፊደልን የሚያስተምር ሰው ደግሞ የፊደልን ጠባይ ማወቅ ያሻዋል። ዋናዎቹ ፊደላት 33 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 7 መልክ ስላላቸው ከዲቃሎቹ በቀር 231 ይሆናሉ። ይህ ብዛት ሕፃንን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ዝምድናቸውን ቢያሳዩት ሸክሙ ይቀልለታል። ከግእዙ 26 ፊደላት በላይ ለአማርኛ የተጨመሩት 7ቱ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ፥ ጨ ሲሆኑ፥ ከሰ፥ ከተ፥ ከነ፥ ከከ፥ ከዘ፥ ከደ፥ ከጠ ጥቂት ጭረት በመጨመር የወጡ ናቸው። እንደዚሁም ካዕብ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎኗ ጭረት ትይዛለች፤ ሣልስ ጭረቷን ወደ እግሯ ታወርዳለች፤ ኃምስ በእግሯ ቀለበት ታደርጋለች። ረና ፈ ግን ከዚህ ሥርዓት ይወጣሉ፤ ሳድስና ሳብዕም ከፊደል ወደ ፊደል ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሥርዓት ያላቸውን አስቀድሞ፥ የሚያሳስቱትን ለይቶ በብዙ ድግግሞሽ ማስተማር ይገባል።

ፊደል የማያሳየውም ነገር አለ። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። «ትምህርት» በሚለው ቃል 5ቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያይቱ ትና ህ ድምፃቸው ሲሰማ የቀሩት ከፊተኛቸው ጋር ይጣበቃሉ። ሕፃኑ ይህን የሚለየው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ሰምቶ ያወቀው እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ብዙ ተረትና ብዙ ጨዋታ የሰማ ልጅ ንባብ ይቀናዋል፤ ዓይኑ የጐደለበትን ጆሮው ይሞላለታልና።

የንባብ መንገድ በ4 ደረጃ ይከፈላል።

1ኛ፤ መለየት። መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ፊደላትን ተራቸውን አፍርሶ በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ሕፃናቱም አንድ በአንድ ይጠራሉ። በካርቶን ቍራጭ ላይ ፊደል ጽፎ እንደ ጨዋታ ማደባለቅም ይጠቅማል።

2ኛ፤ ማጋጠም። ሁለትና ሦስት ፊደል ተገጣጥሞ ቃል መሆኑን ማሳየት ነው። በ፥ ሬ ሲጋጠሙ «በሬ»፤ ላ፥ ም ሲጋጠሙ «ላም» ይሆናሉ። ሕፃኑ ከሚያውቀው ከቤቱና ከሜዳው ስም መጀመር ይሻላል። ባነበበው ቃል ፈንታም ሌላ ቃል በቃሉ ሲነገረው ይጽፈው ዘንድ ይገባል፤ መጻፍ ዓይንን ያጠነክራልና።

3ኛ፤ ማፍጠን። ፊደል በፊደል እየጐተተ የሚያነብ ልጅ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል፤ ልቡ በሙሉ ፊደልን በመፈለግ ተይዟልና ለትርጕሙ ስፍራ አይተርፈውም። ስለዚህ አንዱን አጭር ንባብ ሦስትና አራት ጊዜ ደጋግሞ እንደ ንግግር እስኪወርድ ድረስ ማንበብ ይገባል።

4ኛ፤ ማስተዋል። ንባቡ ካለቀ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ «ምን ሆነ? ለምን ሆነ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያነበበውን በራሱ ቃል ያልተናገረ ሕፃን ገና አላነበበም።

በዚህ ጊዜ መምህሩ «60 ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሳለ እያንዳንዱን እንዴት እሰማለሁ?» ይል ይሆናል። ሒሳቡ ግን እንደሚፈራው አይደለም። በየቀኑ 12 ልጆችን ለያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ ቢሰማ 24 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ5 ቀን ውስጥም 60ውን ሁሉ ሰማ ማለት ነው። እርሱ እነዚያን ሲሰማ የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ለሌላው ያነባሉ፤ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችም በቀድሞው ልማድ ታናናሾቻቸውን ይረዳሉ። መምህሩም በደብተሩ የእያንዳንዱን ስም ጽፎ፥ ማን ፊደል እንደሚያሳስተው፥ ማን መጋጠም እንደ ተሳነው ምልክት ያደርጋል። ወደ ሰሌዳው ሲመለከት ዓይኑን የሚያጠብበውን፥ ሲጠሩትም ቶሎ የማይሰማውን ልጅ ከፊት ማስቀመጥና ለወላጆቹ መንገር አለበት፤ ሰነፍ የተባለ ብዙ ልጅ የዓይን ወይም የጆሮ ችግረኛ ሆኖ ይገኛልና።

የአገር ሽማግሎችም ድርሻ ታላቅ ነው። ማንበብ የሚችል አያት ማታ በምድጃ ዳር ሕፃኑን አቅርቦ አንዲት ገጽ ያስነብበው። ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናትም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም፤ ልጁ ጮኾ እንዲያነብላቸው ካደረጉ በኋላ «እስቲ ምን ይላል? ንገረኝ» ቢሉት ከመምህሩ የማያንስ ጥቅም ይሰጡታል። ከከተማ የመጣውን ደብዳቤና የዕድሩን ማስታወቂያ ልጁ እንዲያነብ ቢያደርጉ ንባብ ሥራ እንዳለው ያያል። ተረትና እንቆቅልሽ መንገርም እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል። ይልቁንም ሴት ልጅ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ስትመላለስ የማንበቢያ ሰዓቷ እንዳይጠፋባት ሽማግሎቹ ለቤተሰቡ ሊያስረዱ ይገባቸዋል።

የሚነበብ ነገር ካልተገኘ ግን ይህ ድካም ሁሉ ይባክናል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ በኋላም በ15 ቋንቋዎች በተስፋፋው፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊደል ቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ጽሕፈት ያላገኘው ግን የተማረውን እየረሳው ሄደ። ትንሽ ወረዳ ብዙ መጻሕፍት ለመግዛት አቅም ባይኖረውም፥ ትምህርት ቤቶቹ ተቀራራቢዎች ስለ ሆኑ አንድ ሣጥን መጻሕፍት በወር በወር ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት በሐዋሳ አካባቢ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ለሕፃናት አድርሷል። ሌላም መንገድ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍሉ መጥተው የአገሩን ተረት ይንገሩ፥ መምህሩ በሰሌዳ ይጻፈው፥ ተማሪዎቹ በወረቀት ይገልብጡት፥ ወረቀቱም ተሰፍቶ መጽሐፍ ይሁን። ሕፃን የአያቱን ቃል በጽሕፈት ሲያገኘው ለማንበብ ይጓጓል።

በመጨረሻም ሥራው መፍራቱ የሚታወቅበት ፈተና ሩቅ አይደለም። በሰኔ ወር መምህሩና ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠው ለእያንዳንዱ የ2ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሕፈት ይስጡት። ልጁ አንብቦ፥ ወረቀቱንም መልሶ፥ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ቢተርክላቸው አንባቢ ሆኗል። ያልቻለውን ግን አያሳፍሩት፤ ስሙ በደብተሩ ይጻፍ፥ የሚሰማውም ሰው ዕለቱን ይመደብለት፥ ክረምቱም በከንቱ አይለፍበት። የተዘገየበት ልጅ መስከረም ሲጠባ ወደ 3ኛ ክፍል የሚገባው ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ለማንበብ እንዲሆን ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ይበቃዋል፤ የሚበቃውም በየቀኑ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሰማው እንደ ሆነ ነው።