ቆዳዋን የበላችው ጌኮ አልታመመችም

ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ በውድቅት ሌሊት ደወለ። «አጎቴ፣ ጌኮዬ ራሷን እየበላች ነው!» በቪዲዮ አየኋት። ሌፐርድ ጌኮ የሚሏት ነብርማ እንሽላሊት ናት፤ ጣት ብታህል ነው። ከኋላ እግሯ ላይ እንደ ካልሲ የተገለበጠ ነጭ ቆዳ በአፏ እየጎተተች ትውጣለች። ጤነኛ ናት። ጌኮ ቆዳ ስትቀይር አሮጌውን ትበላዋለች፤ ታዳጊ ስትሆን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትቀይራለች። ቀድሞ ቀለሟ ቢገረጣ፣ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ብትተውም አያስጨንቅም።

ሰው የሚደነግጥበትና ሊደነግጥበት የሚገባው ግን አራምባና ቆቦ ነው። «እስቲ ጣቶቿን እያቸው፣ ጫፋቸው ላይ የቀረ ቆዳ አለ?» አልኩት። አለ። እዚያ የቀረ ቆዳ ሲደርቅ እንደ ክር ይጠብቅና ደም ይከለክላል፤ ጣቱ ደርቆ ይወድቃል። «የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ደረቅ አገር እንስሳ እርጥበት አትወድም» ማለት የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። በተፈጥሮዋ ቀኑን የምትውለው ከድንጋይ ሥርና ከጉድጓድ ነው፤ እዚያ አየሩ እንደ ውጪው አይደርቅም። ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ቢያነጥፍላት ይበቃል። የቀረውን ቆዳ ለብ ባለ ውሃ አርሶ በቀስታ ማሸት እንጂ መጎተት የለም።

ሱቁ ውስጥ «ካልሲየም ያለው አሸዋ ነው፣ አጥንት ያጠነክራል» ብለው ከረጢት ሙሉ ሸጠውለታል። በእኔ እምነት ስለ ጌኮ ከሚወሩት የተሳሳቱ ወሬዎች ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ታዳጊ ጌኮ ትል ስታሳድድ አሸዋውን አብራ ትውጠዋለች፤ አንጀቷም ሊዘጋ ይችላል። ወለሉ ላይ ወረቀት ይነጠፍ። ካልሲየሙ መግባት ያለበት በምግቧ ነው፦ ፌንጣ መሰሏ ክሪኬት ካልሲየሟ ጥቂት፣ ፎስፈረሷ ብዙ ስለሆነ የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስባታል። ቫይታሚን ዲ3 ወይም የዩቪቢ መብራት ከሌለ ደግሞ ካልሲየሙ በቅጡ አይዋሃዳትም። ያኔ ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ይበደራል፤ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል፣ ትንቀጠቀጣለች። ሕክምና በሽታውን ቢያስቆመውም የጎበጠ አጥንት አይቃናም።

«አልበላም ካለች ታማለች» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ብርድ ነው። የሞቀው ጥግ ወለሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ካልደረሰ የበላችው አይፈጭላትም። ጭራ ጥላ ብታገኟትም አትደንግጡ፣ ወፍራምና ልሙጥ ሆኖ መልሶ ይበቅላል። እየበላች ጭራዋ ከቀጠነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጭራ የስብ ማከማቻዋ ነው፣ ጥገኛ ተውሳክም ሊኖር ይችላል፤ ትኩስ ኩሷን ይዛችሁ እንሽላሊት የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ልጁ አሁን በየሳምንቱ በእናቱ የኩሽና ሚዛን ይመዝናታል። መመዘኑ ጥሩ ነው፤ ጌኮ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል ግን «ሚዛኑን ለእናትህ መልስና የራስህን ግዛ፣ እጅህንም ታጠብ» አልኩት።