ለአጋዘን አደን የሚሆን የጠመንጃ ምርኩዝ አመራረጥ

በአርሲና በባሌ ደጋ የሚደረገው የአጋዘን አደን በመንግሥት ፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉበት ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ስለ ጠመንጃውና ስለ መነጽሩ ብዙ ሲጠየቅ ይውላል። ጠመንጃው ስለሚያርፍበት ምርኩዝ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ምርኩዙ ከዕቃው ሁሉ በዋጋ ያነሰ ይምሰል እንጂ፣ በተኩሱ ሰዓት የሌላው ዕቃ ሁሉ ጥቅም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ሊቃውንት ለይተው ስም የሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ከሚያሰጋቸው እንስሳት ጋር ተመዝግቧል። ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። እንዲህ ያለው እንስሳ ያለ ቦታው ቆስሎ ወደ አስታው ጥሻ ከገባ፣ ፈለጉን ተከትሎ ማግኘት ብርቱ ድካም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይገኝም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአደን ልማድ ደግሞ የቆሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ዋጋው ይከፈልበታል። ስለዚህ በተኩሱ ቅጽበት አንድ እግር ቢንሸራተት፣ እንግዳው ገንዘቡን፣ አዳኙ ድርጅት ስሙን፣ አገርም እንስሳዋን በከንቱ ታጣለች።

የምርኩዙ ዓይነት በእግሩ ቁጥር ይለያል። ባለ አንድ እግሩ ጠመንጃው ወደ ታች እንዳይወርድ ይረዳል እንጂ ወደ ጎን መወዛወዙን አይከለክልም። ባለ ሁለት እግሩ የጎኑን መወዛወዝ ይቀንሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ይናወጣል። ባለ ሦስት እግሩ በየትኛውም አቅጣጫ ይጸናል፤ በተዳፋት ላይም አንዱን እግር አሳጥሮ ማቆም ይቻላል። ባለ አራት እግሩ የጠመንጃውን ፊትና ኋላ በአንድነት ስለሚደግፍ ለሩቅ ተኩስ ይመረጣል፤ ሆኖም በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይዞት ለመሄድ አይመችም። ቆሞ ለሚተኩስ ሰው፣ ጠመንጃው የሚያርፍበት ባላ እስከ ትከሻው ቁመት ሊደርስ ይገባል።

ስለ ተሠራበት ነገር ስንመለከት፣ አሉሚኒየም ዋጋው መካከለኛ ሲሆን ቢመታም ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ጉዳቱ ግን አንድ ጊዜ የጎበጠ ቱቦ በሌላው ውስጥ መግባት እምቢ ማለቱ ነው። ካርቦን ፋይበር እጅግ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከጎን ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀውም አይጠገንም። እንጨትና ቀርከሃ በብርድ እጅን አያቆረፍዱም፤ ሲነኩም እንደ ብረት አይጮሁም።

ይሁን እንጂ ምርኩዝ በአብዛኛው የሚበላሸው በእግሩ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። ቱቦዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ የሚያጥሩ ሲሆኑ፣ መቆለፊያው በመጠምዘዝ የሚጠብቅ ወይም በመጫን የሚነክስ ይሆናል። የሚጠመዘዘው ውስጡ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት ይከዳል፤ መጥበቅ አለመጥበቁንም በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የሚነክሰው መዘጋቱ በግልጽ ይታያል፤ ብሎኑ ሲላላም በቀላሉ ይጠብቃል። ከሁለቱም ይልቅ ጽኑ የሆነው መቆለፊያ የሌለው ወጥ እግር ነው። ነገር ግን ርዝመቱ ለአውሮፕላን ጭነት አያመችም።

ስለዚህ ነጋዴው ብዙ ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ አንዱን ናሙና አስመጥቶ እንደሚከተለው ቢፈትነው ይጠቅመዋል፦

1ኛ፤ እግሮቹን ዘርግቶ ከቆለፈ በኋላ የታችኛውን ቱቦ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት፤ ከዚያም በባላው ላይ በሁለት እጁ በኃይል ይጫን። ምልክቱ ወደ ውስጥ ከገባ መቆለፊያው የሚታመን አይደለም።

2ኛ፤ እግሮቹን 50 ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ፣ የላይኛው መጋጠሚያ መላላት አለመላላቱን ይመልከት።

3ኛ፤ የታችኛውን ጫፍ ጭቃ አስነክቶ፣ ሳያጥብ ለመዝጋት ይሞክር።

4ኛ፤ አጥፎ ያወዛውዘው። የሚንቋቋ ከሆነ አጋዘኑ ከአዳኙ አስቀድሞ ይሰማዋል።

5ኛ፤ ብሎኑ፣ የጫፉ ጎማና መቆለፊያው ለየብቻ የሚገዙ መሆናቸውን ይጠይቅ። መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ለገዢውም ምክር መስጠት ተገቢ ነው። በመቆለፊያው ላይ ዘይት ማፍሰስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ አሸዋ ይሰበስባል፣ ቱቦውንም ያንሸራትታል። በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ፈትቶ ማድረቅና በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

በመጨረሻም የአገራችንን ቀርከሃ ማስታወስ ያስፈልጋል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ በምዕራብ ቆላ የሚበቅለው ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ለምርኩዝ እግር ይስማማል። በእንግሊዝ አገር ሳይቀር ብዙ አዳኞች የቀርከሃ ዘንጎችን በጎማ ቀለበት አስረው ይጠቀማሉ። ከ3 ዓመት ያላነሰ የበሰለ ቀርከሃ ተመርጦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ከነቀዝ ተጠብቆ፣ በጠንካራ ቆዳና በአንድ ጥሩ ብሎን ቢጋጠም፣ የእጅ ባለሙያዎቻችን ለአዳኝ ድርጅቶች ሊያቀርቡት የሚችሉት ዕቃ ይሆናል። የተሠራውም ከላይ በተጻፈው ፈተና ይመዘን፤ የውጭውም የአገሩም ሚዛን አንድ ነውና።