«ወደ ቱቦ ነው የሰደድኩት»

ባለፈው በጋ፣ ፍሳሹ የት እንደሚወጣ ለማወቅ፣ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመርን። ብዙም ሳይቆይ ደጁ ላይ ያለው የመንገድ ዲች አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቱ አልደነገጡም። «ታዲያ ምን አጠፋሁ? መንገድ ላይ አላፈሰስኩ፤ ወደ ቱቦ ነው የሰደድኩት» አሉን። ከልባቸው ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ከልብ መሆኑ ነው።

መሬት ውስጥ የገባ ቱቦ ሁሉ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚደርስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደርስም። አዲስ አበባ ያላት ሁለት የተለያየ መስመር ነው። የፍሳሽ መስመሩ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ዲቹ ግን ለዝናብ ውሃ የተሠራ ስለሆነ የያዘውን ሁሉ እንዳለ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል። ቀበና ወንዝ የገባው ትልቁ አቃቂ ይደርሳል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው። አዳማ አጣርታ የምትጠጣው ይህንኑ አዋሽን ነው። እኛም አላመለጥንም፤ በአቃቂ ውሃ የለማው ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ገበያችን ይወጣል።

«ግድ የለም፣ ክረምት ሲገባ ያጥበዋል» የሚሉኝም አሉ። ለፍሳሽ ማንሻ መኪና ላለመክፈል ዶፍ የሚጥልበትን ሌሊት ጠብቀው ጉድጓዳቸውን ወደ ዲች የሚለቁት በዚሁ እምነት ነው። ዝናብ ቆሻሻን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን የጋራዥ ዘይት፣ የጎማ ብናኝና ዲች ውስጥ የተኛ ዝቃጭ ባንድ ጊዜ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮሚየምም ጎርፍ ስለበዛ አይጠፋም፤ ከደለሉ ጋር ወርዶ ይተኛል።

የተገላቢጦሹም አለ። የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚያገናኝ ሰው «ንጹሕ ውሃ ምን ይጎዳል?» ይለናል። መስመሩ ለዝናብ አልተሰላማ! ሐምሌ ላይ የማንሆል ክዳን ተነሥቶ የሰው ዓይነ ምድር አስፋልት ላይ የሚፈሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የሞላው መስመር ማጣሪያ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተስፋፋ ጣቢያ ቃሊቲ ላይ መኖሩም አያድነንም።

ሕግ አጥተን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ግን ቁጥጥራችን ፋብሪካ በር ላይ ናሙና መቅዳት ይወዳል፤ ኮንክሪት ሥር የተቀበረውን ቱቦ ብዙም አይፈልገውም። ፕላኑ ላይ ሴፕቲክ ታንክ ተስሏል፣ ማኅተም ተመትቷል፣ አለቀ። ዲቹ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ፍሳሹ የሌላው፣ ወንዙ የሦስተኛው ሲሆን ደግሞ ስውሩ ቱቦ ባለቤት አልባ ይሆናል። እኔ የምለው ቀላል ነው፦ ማንኛውም ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ቀለም ይፍሰስበት፤ ቀለሙ ዲች ላይ ከታየ ፈቃድ አይሰጠው። ወጪው ከአንድ ስብሰባ አበል ያነሰ ነው።

አንባቢዬ፣ ጥር ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ደጅዎ ያለው ዲች ውስጥ አረፋ ያለው ውሃ ሲሄድ ካዩ የአንድ ሰው ቤት ፍሳሽ ነውና ይጠቁሙ። ከዚያ በፊት ግን የራስዎ ቱቦ የት እንደሚወጣ ያረጋግጡ።