ከትራስ ሥር ያለ ሽጉጥ

አንድ ሰው ቤት ሠርቶ፥ ትዳር ይዞ፥ ልጅ ወልዶ ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ቤተ ሰቡን ከክፉ ነገር የሚጠብቅበትን መንገድ ነው። ይህ አሳብ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለመጠበቂያ ብለን ወደ ቤታችን ያገባነው ነገር ራሱ ጠባቂ የሚያስፈልገው ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ትርፉና ኪሣራው በደንብ ሊመዘን ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ሽጉጥ ጥቂት እንጽፋለን።

ይህን የሚጽፈው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ሥራዬ ሌሎች የተናገሩትን መጻፍ፥ የተጻፈውን መገልበጥ፥ የተገለበጠውንም በመዝገብ አስሮ ማኖር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በነቀምቴ ከተማ በቡርቃ ጃቶ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከገበያ ስንመለስ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «ልጄ፥ አንተ የሕግ ቤት ሰው ነህና ንገረኝ። ዘመኑ ክፉ ሆነ፤ መንገዱም ሌሊቱም ያስፈራል። ለቤቴ አንድ ሽጉጥ ልግዛ ብዬ አስቤአለሁ፤ የትኛው ዓይነት ይሻላል?» እኔም «አባቴ፥ የትኛው እንደሚሻል ከመናገሬ በፊት፥ እጄ የጻፈውን አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኋቸውና የሚከተለውን ነገርኋቸው።

በከተማችን አንድ ነጋዴ ነበረ። ቡና ለመግዛት ወደ ጊምቢና ወደ አርጆ ይመላለስ ስለ ነበር፥ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ይዟል። ሌሊት ሌሊት ከትራሱ ሥር ያኖረዋል። አንድ ቀን ጧት፥ ልጆቹ በቤት እንዳሉ አስቦ ካዝናውን ነቅሎ በኪሱ ከተተና፥ ሽጉጡን እዚያው ትቶ ሊታጠብ ወጣ። ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ነው ብሎ ያምን ነበርና ልቡ አልፈራም። ነገር ግን ማታ ውሻ በጮኸ ጊዜ አቀባብሎ ስለ ነበር፥ አንዲት ጥይት ከበርሜሉ እንደ ጎረሰች ቀርታለች። የስምንት ዓመት ወንድ ልጁ ትራሱን ገልጦ አወጣው፤ እንደ ጨዋታም አድርጎ ወደ ታላቅ እኅቱ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ጥይቷ የልጅቱን ቀኝ ትከሻ ሰብራ በግድግዳው አልፋ ወጣች።

ልጅቱ በሐኪሞች ድካም ከሞት ተረፈች፤ ቀኝ እጅዋ ግን እንደ ቀድሞው ሊታዘዝላት አልቻለም። የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ስለማይጠይቅ፥ ተከሳሽ ሆኖ የቆመው በቸልተኝነቱ አባትየው ነው። እናትየው ለምስክርነት ተጠርታ በኦሮምኛ የተናገረችውን ወደ አማርኛ ብመልሰው ይህን ይመስላል፤ «ማን ተኰሰ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ልጄ ተኰሰ ብል ልጄን አጣለሁ፤ ባሌ ተኰሰ ብል ባሌን አጣለሁ። እኔ የማውቀው ሌባ አለመምጣቱን ነው።» ብዙ ቃል ጽፌአለሁ፤ ይህን ስጽፍ ግን ብዕሬን ካኖርሁ በኋላ ለማንሣት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ።

ያገራችን ሰው የጦር መሣሪያን ማክበሩ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነጻነታቸውን ያስከበሩት በጀግንነታቸውና ይዘውት በነበረው መሣሪያ ነው። በዚሁ በወለጋም፥ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አርበኞች በሌሊት ደርሰው አቃጥለዋቸዋል። ጠመንጃም እንደ ሰው ስም ወጥቶለት ውጅግራ፥ ሰናድር፥ ለበን፥ ምንሽር እየተባለ ሲሸለልበት ኖሯል። ነገር ግን ያ መሣሪያ በጠላት ፊት በሜዳ የተያዘ ነው እንጂ ሕፃናት በሚተኙበት አልጋ ላይ የተቀመጠ አይደለም። የሜዳውን ክብር ወደ መኝታ ቤት ማምጣት ትልቅ ስሕተት ነው።

መንግሥትም ስለ መሣሪያ ደንብ ማውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መሣሪያ ወደ አገር ስለሚገባበት ሥርዐት ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ተዋውላ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጽድቋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ሊይዝ፥ ሊያከማች ወይም ሊነግድ አይችልም። ፈቃዱም የሚሰጠው ለሰውዬው ለራሱ ነው እንጂ እንደ ጋቢና እንደ ካፖርት ለወንድም ወይም ለአማች የሚያውሱት አይደለም። ከጨለማ ገበያ የተገዛ ሽጉጥም፥ ባለቤቱን ሌባው ሳይመጣበት አስቀድሞ በሕግ ፊት ጥፋተኛ ያደርገዋል።

ብዙ ሰዎች «ፈቃድ ካለኝ በቤቴ የመጣብኝን ሁሉ ልመታ እችላለሁ» ይላሉ። ይህ ትልቅ አለማወቅ ነው። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድና ሰውን የመምታት ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ሲከላከል እንዳይቀጣ ደንግጓል፤ ዳኞች ግን አስቀድመው ሦስት ነገር ይመረምራሉ። መጀመሪያ፥ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና በዚያች ሰዓት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነበረን? ሁለተኛ፥ በሌላ መንገድ ሊመለስ አይቻልም ነበርን? ሦስተኛ፥ መከላከሉ ከአደጋው ከባድነትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ነገር ዋጋ ጋር የተመጣጠነ ነበርን?

እነዚህን ጥያቄዎች በምሳሌ ብናያቸው ነገሩ ግልጥ ይሆናል። አንድ ሰው ቆንጨራ አንሥቶ በልጅህ ላይ ቢመጣና ማምለጫ ባይኖር፥ ሕጉ የአንተን ጭንቅ ይመለከታል። ነገር ግን ሌባው በግህን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ብትተኵስበት፥ የበጉ ዋጋ ከሰው ነፍስ ጋር በሚዛን አይቀመጥም። ትናንት የሰደበህን ዛሬ ብትመታውም ቂምን መወጣት ይባላል እንጂ መከላከል አይባልም። ከመጠን ያለፈ መከላከልን በሚናገረው በአንቀጽ 79 ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልል፥ ድንጋጤውና ፍርሃቱ ይቅር የሚያሰኝ ሲሆንም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ይህ ግን የሚታወቀው ከምርመራና ከክርክር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በጥበቃ ቤት የሚቈየው አባት፥ ስንቅ የምታመላልሰው እናት ናት።

ከዚህ ሌላ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ትምህርት አለ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ሊቃውንት 26 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎችን መዝገብ ለ12 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በገዛ እጃቸው በጥይት የመሞታቸው ነገር ስምንት እጥፍ ያህል፥ በሴቶች ደግሞ 35 እጥፍ ያህል በልጦ ተገኝቷል። በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ሌላ ጥናትም፥ ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሰው እጅ የመገደላቸው ነገር ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። በትዳር ጓደኛ ጥይት ከሞቱት ከነዚሁ ሰዎች ውስጥ ከመቶ 84ቱ ሴቶች ነበሩ። ያገሩ ልማድ ከኛ ልማድ ቢለይም፥ ኀዘን፥ ቍጣና ስካር በየትም አገር አንድ ናቸው። ቍጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፤ ጥይት ግን ከወጣች አትመለስም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ከተባለ፥ ከአፈሙዝ የወጣውማ ምን ይባል!

ይህን ሁሉ መዝኖ፥ ለሥራው ወይም ለመንገዱ የግድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ቢኖር፥ አመራረጡንና አያያዙን ማወቅ አለበት። ሽጉጥ በመልኩና በትልቅነቱ አይመረጥም። ከእጅ ጋር የሚስማማ፥ ቃታው ጣትን የማያስጨንቅ፥ ያልተበላሸና ያልተቀጣጠለ፥ አሠራሩም ቀላል የሆነው ይሻላል። ስድስት ጎራሽ የሚባለው ዓይነት፥ የሚሽከረከረው ከበሮው ሲከፈት ጥይቱ መኖር አለመኖሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይታያል። ባለ ካዝናው ግን፥ ማካሮቭን የመሰለው ሁሉ፥ ካዝናው ወጥቶ እንኳ አንዲት ጥይት በውስጡ ሊደብቅ ይችላል። በነጋዴው ቤት መከራ ያመጣው ይህ ነው።

ስለዚህ ባለ ካዝናን ሽጉጥ ባዶ ለማድረግ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ መሬት አዙሮ፥ ጣትን ከቃታው አርቆ፥ መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፤ ቀጥሎ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ የጎረሰችውን ጥይት ማውጣት፤ በመጨረሻም በብርሃን ተመልክቶ፥ በጨለማ ከሆነ በጣት ዳስሶ ባዶነቱን ማረጋገጥ ነው። ብረቱን አስቀድሞ ስቦ ካዝናውን በኋላ የሚነቅል ሰው፥ አንዷን ጥይት አውጥቶ ሌላዋን ያጎርሳልና ራሱን ያታልላል። ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላም፥ ሽጉጥ ሁሉ ጥይት እንዳለበት ተቈጥሮ ይያዛል እንጂ ወደ ሰው አይዞርም።

የሚቀመጥበትም ቦታ ትራስ ሥር፥ ፍራሽ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ራስ ላይ አይሁን። ሕፃን የማያውቀው መደበቂያ በቤት ውስጥ የለም። ሽጉጡ በብረት ሣጥን ተቈልፎ፥ ጥይቱ በሌላ ስፍራ ተቈልፎ፥ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ይሁን። በቤቱ መሣሪያ መኖሩን ሚስት ልታውቅ ይገባታል፤ የማታውቀውን አደጋ ልትጠነቀቅ አትችልምና። ከቤተ ሰቡ አንዱ በብርቱ ኀዘን ወይም በመጠጥ የተያዘ እንደ ሆነ፥ መሣሪያውን ከቤት ለማስወጣት ፖሊስን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቢጠፋም በዚያው ቀን ማመልከት ይገባል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኰሰው ጥይት ደግሞ ሰማይ አይቀበለውም፤ ተመልሶ በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ የተኳሹ ዐይን አያየውም።

በመጨረሻም፥ ቤት የሚጠበቀው በብረት ብቻ አይደለም። የጠነከረ መዝጊያና መወርወሪያ፥ በደጅ የሚበራ መብራት፥ የሚጮህ ውሻ፥ ከሁሉም በላይ ጥሪ ሰምቶ የሚወጣ ጎረቤት የቤት አጥር ናቸው። የኦሮሞ ሕዝብ የአደጋ ጥሪ በተሰማ ጊዜ ተጠራርቶ መውጣትን ያውቃል። እናቶችም ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በሁለት ተጣዮች መካከል ሲገቡ፥ ጠቡን እንዲያቆሙ ግድ የሚላቸው የቆየ ሥርዐት አለ። ያቺ በትር ጥይት አትጎርስም፤ የምትፈራው ሰው ሁሉ አክብሯት ስለሚኖር ነው። ጎረቤቱን የሚያከብር ሰውም በሌሊት ብቻውን አይቀርም።

ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፥ በመጨረሻ «ያቺ ልጅ አሁን እንዴት ሆነች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «በግራ እጅዋ መጻፍ ተምራለች፤ ጽሕፈትዋም ያምራል። አባትየው ግን ደብተርዋን ባየ ቍጥር ፊቱን ያዞራል» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «እንግዲያስ ሽጉጡ ይቈይ፤ አስቀድሜ መዝጊያዬን ላድስ። የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ነው የሚያድሩት» አሉኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ክቡራን አባቶችና እናቶች፥ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ትራሳችሁን ገልጣችሁ እንድትመለከቱ በትሕትና እናሳስባችኋለን።