"አብሽር ልጄ፣ ተሽሎኛል"፦ ብር ሲያጥር መድኃኒት መቆጠብ የሚያስከትለው ጉዳት



የዛሬው ጽሑፍ በተለይ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ ሆናችሁ ቤተሰባችሁ ቆቦና ራያ ቆላ ላለ ነው። ደውላችሁ "ሕመሙ እንዴት ሆነ?" ስትሉ "አብሽር ልጄ፣ ተሽሎኛል" ይሏችኋል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ብር ስላለቀ መድኃኒቱን መቆጠብ ጀምረዋል ማለት ነው።

ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚገባው ማሽላው ሲሸጥ ነው፤ ሕመም ግን አዝመራ አይጠብቅም። ሪፈር ከተጻፈ ደግሞ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደሴ ከዚያም 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የታማሚው መሳፈሪያ፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ሲደመር ከሕክምናው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አካባቢው በጦርነት ውስጥ አለፈ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የስኳርና የግፊት ሕመምተኞች መድኃኒት ተቋረጠባቸው፤ ብዙ ቤትም ጥሪቱን አጣ።

ስለዚህ ሰው በሬ ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ያ ካልሆነ መድኃኒቱን ያብቃቃል። በሥራዬ ደጋግሜ የማያቸው አራት ዓይነት ማብቃቂያዎች አሉ።

1. የወባ መድኃኒት መካፈል
ለአዋቂ የሚታዘዘው ኮአርተም 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ "የቀረው ለልጁ ይቀመጥ" ይባላል። ትኩሳቱ ቢበርድም ተህዋሲያኑ ገና ደም ውስጥ አሉ፤ መልሰው ይራባሉ። የልጅ መጠን ደግሞ በክብደቱ ስለሚወሰን የአዋቂ ትራፊ ለልጅ አይሆንም።

2. ኢንሱሊን ማሳነስ
"ዛሬ ብዙ አልበላሁም" ብሎ ኢንሱሊን ጨርሶ መዝለል ሕይወት ያሳጣል፣ በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ላለበት። መጠኑ ቢቀነስ እንኳ በሐኪም ምክር ነው። ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ከዚህ ገዝታችሁ በአውቶቡስ ያለ በረዶ ሳጥን የላካችሁት ኢንሱሊን መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከውጭ በእርጥብ ጨርቅ በተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይረዳል።

3. የግፊት ኪኒን አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ
ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ ስለዚህ መዝለሉ ምንም ያላመጣ ይመስላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። ስትሮክ የመጣ ዕለት የኪኒኑ ቁጠባ በአንድ ቀን ይጠፋል።

4. ካፕሱል በፍሬ መግዛት
ሁለት ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ፣ ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ የተለመደ ነው። ኢንፌክሽኑ ሳይድን ይቆያል፤ ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። ቁስል መጀመሪያ የሚፈልገው በንጹሕ ውሃና ሳሙና መታጠብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዋናው መፍትሔ ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የወሎዋ ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩ ቤተሰቦች መንግሥት ይሸፍናል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ካርዱ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ነው የሚሄደው፤ ዘሎ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። መድኃኒት ከመንግሥት ተቋም ሲጠፋ ከግል መግዛት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እናንተ የምትልኩት ብር ለዚህ ቀዳዳ ቢውል ይጠቅማል።

የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የወባ ምርመራና መድኃኒትም በጤና ኬላ አለ። ብር የለኝም ብሎ እነዚህን መተው አያስፈልግም።

ሐኪሙንም "አቅሜ አይፈቅድም፣ ረከስ ያለ ተመሳሳይ መድኃኒት አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ጠይቁ።

ዛሬ ስትደውሉ "እንዴት ነሽ እማዬ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። እነዚህን ጠይቁ፦
- ኪኒኑ ስንት ፍሬ ቀርቷል? (ከተገዛበት ቀን ጋር አስሉት)
- ትናንትና ዛሬ ተወስዷል?
- የጤና መድን ካርዱ ዘንድሮ ታድሷል?
- የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? መሳፈሪያስ አለ?

የሚከተሉት ከታዩ ግን "ብር እስኪገኝ" አይባልም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም፦
- የስኳር ሕመምተኛ ሲያስታውከው፣ ቶሎ ቶሎ በረጅሙ ሲተነፍስ ወይም ሲደነግዝ
- ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር
- ትኩሳት ያለበት ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን ሲስት

ቆቦ፣ ሮቢት፣ ዋጃና አላማጣ አካባቢ ቤተሰብ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!