የሰማይ ሊቃውንት ምሳ ላይ የሚነጋገሩት ለገበሬው ምኑ ነው?

በእኛ አገር ወግ የሚመጣው ከተበላ በኋላ ነው። ማኅበርተኛው ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ፣ ሰንበቴውም ዳቦና ጠላውን አዳርሶ ሲያበቃ ስለ ዘሩ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ጨዋታ ይነሣል። በውጭ አገርም ይህን የሚመስል ልማድ አለ። እነሱ «የምሳ ላይ ንግግር» ይሉታል። አንድ ትልቅ ባለሙያ አስቀድሞ ይጋበዛል። እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ያዳምጡታል፣ ከዚያም ይጠይቁታል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ባለው የጋዜጠኞች ክበብ ሰኔ 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ቻርልስ ቦልደን የተባሉት ሰው እንዲህ ያለ ንግግር አድርገው ነበር። ሰውየው በዚያን ጊዜ የናሳ የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ናሳ ማለት የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ነው።

ገበሬው «ታዲያ ይኼ ለኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገራችንም ሰማይን የሚመረምሩ ሰዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩትም ስለ ገበሬው ማሳ ነው።

ስብሰባው በዓመት ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ክረምት፣ በጋና በልግ ከመግባታቸው በፊት ማለት ነው። የክረምቱ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ግንቦት ሲያልቅ ገደማ ይሆናል። የሚጠራው የአየር ጠባይን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ቀድሞ የአየር ጠባይ ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። ለአውሮፕላን ተብሎ የተጀመረ ሥራ ነው። በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የመጪውን ወቅት ዝናብ አስቀድሞ መናገር ያዘ። ይህ «ትንበያ» ይባላል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ባለሙያዎችም በየወቅቱ እየተገናኙ ግምታቸውን ያስተያያሉ።

በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ባለሙያው ተነሥቶ «ዘንድሮ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከመደበኛ በላይ ዝናብ የማግኘት ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ 35 ከመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 ከመቶ» ይላል እንበል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል አነሣነው እንጂ የአንድ ዓመት ትንበያ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ይገባው ይሆናል። ወሬው ደብረ ማርቆስ አልፎ ጎዛምን ሲደርስ ግን «ዘንድሮ ዝናቡ ብዙ ነው አሉ» ብቻ ይሆናል። ሦስቱ ቁጥሮች መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል።

እስቲ 30 ጠጠር ልቀሙ። እያንዳንዱ ጠጠር ያለፈ አንድ ክረምት ነው። ብዙ የዘነበባቸውን 10 በአንድ በኩል አድርጓቸው። ጥቂት የዘነበባቸውን 10 በሌላ በኩል አድርጓቸው። የቀሩት 10 መካከለኞች ናቸው፤ «መደበኛ» የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጠጠር ቢያነሣ ከሦስቱ ክምር ለየትኛውም ዕድሉ እኩል ነው። ከመቶ 33 ገደማ ነው ማለት ነው። ባለሙያው 45 ሲል «ሚዛኑ ወደ ብዙው ዝናብ አጋድሏል» ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ 20 ከመቶውም አለ። ከአምስት አንድ ማለት ነው። በአምስት መንገድ ከሚሄዱ አንዱን ጅብ የሚያገኘው ከሆነ ማንም ዱላውን ጥሎ አይወጣም። ስለዚህ «ብዙ ይዘንባል ተብሏል» ብሎ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ማሳ ላይ የሚበትን ገበሬ ትንበያውን አልሰማም፤ ግማሹን ነው የሰማው።

ትንበያው ምን ያህል ይታመናል? ዶክተር ድሪባ ቆሪቻ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የአየር ጠባይ ምሁር ከአንድ የኖርዌይ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የመሥሪያ ቤቱን የብዙ ዓመት ትንበያ ከዘነበው ዝናብ ጋር አስተያይተዋል። ጥናታቸው በፈረንጆች 2013 ታትሟል። ትንበያው ዓይን ጨፍኖ ከመገመት ይሻላል፤ ብልጫው ግን መጠነኛ ነው። ባለሙያ የራሱን ሥራ እንዲህ መዝኖ ሲናገር መስማት ደግ ነገር ነው።

ለመሆኑ በግንቦት ላይ ቆሞ የነሐሴን ዝናብ እንዴት መገመት ይቻላል? ነገሩ ከሩቅ ይመጣል። የዓለም ትልቁ ውቅያኖስ ፓስፊክ ይባላል። በአንዳንድ ዓመት የዚህ ውቅያኖስ ውኃ በመካከሉና በምሥራቁ በኩል ከልክ በላይ ይሞቃል። ይህም ኤልኒኞ ይባላል። ኤልኒኞ ሲመጣ የነፋሱ አካሄድ ይለወጣል። ለእኛ ክረምት እርጥበት የሚያመጣው ነፋስም ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው። በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ የአገራችን ክፍል ዝናቡ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያሻው ሕዝብ 10 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሆነ። ባሕሩ የሚሞቀው በዝግታ ስለሆነ ባለሙያው ከወራት በፊት ሊያየው ይችላል።

በእኛ አካባቢ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ እያሉ የዓመቱን ዝናብ ጠባይ የሚገምቱ ሽማግሌዎች አሉ። የነፋሱን አቅጣጫና የጮቄን ደመና አይተው የሚናገሩትን ማቃለል አይገባም፤ ብዙ ዘመን ያዩት ነው። የወንጌላውያኑ ተራ ግን በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ኤልኒኞ ተራ አይጠብቅም። በ2 ዓመትም፣ በ7 ዓመትም ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ። የአየር ጠባይን የምትመለከት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተላከችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሳተላይት ማለት በሮኬት ተልካ ምድርን የምትዞር መሣሪያ ናት። አፍሪካን የሚመለከቱት የአውሮፓ ሳተላይቶች ሜቴዎሳት ይባላሉ። የመጀመሪያዋ በ1970 ዓ.ም. ተላከች። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ የቆሙ ይመስላሉ። ፎቶግራፋቸው በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመጣል።

ኢትዮጵያም የራሷን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። መቀበያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። ብዙ ሰው «ዝናብ የምትነግረን ናት» ብሎ ነበር፤ ግን አይደለችም። የተሠራችው እርሻን፣ ደንንና ውኃን ፎቶግራፍ እንድታነሣ ነው። ደመናውን የሚያሳዩን እነዚያ የሩቆቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ለጎጃም ገበሬ የሚጠቅም አንድ ምሥጢር አለ። ሜቴዎሳት ዝናቡን አታይም። የምታየው የደመናውን ራስ ነው። ደመናው እጅግ ከፍ ካለ ራሱ ይቀዘቅዛል። ባለሙያውም «ይህ የቀዘቀዘ ደመና ነው፤ ዝናብ አለው» ብሎ ይገምታል። ጮቄ ተራራ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል። ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ደመናው ብዙ ሳይረዝም፣ ራሱም ሳይቀዘቅዝ ሊዘንብ ይችላል። ሳተላይቷ ይህን ታሳንሰዋለች ወይም ጭራሽ ትስተዋለች። እናንተ በዝናብ ተመትታችሁ ቤት ስትገቡ የሰማዩ መዝገብ «አልዘነበም» ሊል ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ማን ያርመዋል? አንድ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ! ደብረ ማርቆስ የአየር ጠባይ ጣቢያ አላት። መዝጋቢው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውኃ ለክቶ ይጽፋል። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች መባሉ የታወቀው በዚህ ዓይነት ጽሕፈት ነው። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ይህን የምድር መዝገብ ከሳተላይቱ ግምት ጋር የማዋሐድ ሥራ መርተዋል። ሥራው በኢትዮጵያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዳርሷል። ሳተላይቷ ጣቢያ በሌለበት ትሞላለች፤ ጣቢያው ሳተላይቷ በሳተችበት ያርማል። በግንቦቱ ስብሰባ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ካርታም ያለ ምድሩ መዝገብ ባዶ ነው።

ስለ ክረምቱ ይህን ያህል ካልን ስለ መኸሩ ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ለደጋው ገበሬ የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም ጠላቱ። ጤፉ ታጭዶ ነዶው ሜዳ ላይ ሳለ የሚመጣው ዝናብ የዓመት ድካም ያበሰብሳል። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ይህ በብዙ የአገራችን ክፍል ደረሰ። በዚያ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ በአፍሪካ በኩል ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። እርጥበቱ በነፋስ ተገፍቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። እንዲህ ላለው ችግር የወቅቱ ትንበያ ብቻ አይበቃም። የ10 ቀኑንና የ3 ቀኑን መስማት ያሻል። የ3 ቀን ትንበያ ከ4 ወሩ ትንበያ ይልቅ ይታመናል። ጤፉ ደርሶ ሳለ «ከነገ ወዲያ ዝናብ አለ» ከተባለ ደቦ ጠርቶ የታጨደውን መከመር፣ ያልታጨደውን ማቆየት ይቻላል። ዝናቡ ቢቀር የጠፋው የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

የስብሰባው ቃል ገበሬው ዘንድ በጊዜው አለመድረሱ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው። ሊቃውንቱ ምሳቸውን በልተው ሲለያዩ ወረቀቱ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ የግንቦት ቃል ሐምሌ ላይ ቢደርስ ማን ይጠቀምበታል? ባሕር ዳር ላይ የምዕራብ አማራ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል አለ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ከዚያ የሚወጣውን እየጠየቀ በገበያ ቀን፣ በሰንበቴና በእድር ላይ እንዲያነብ ገበሬው ሊጠይቀው ይገባል። ሲያነብም ሦስቱንም ቁጥር ያንብብ።

በደጃችሁ ደግሞ የራሳችሁን መለኪያ ማኖር ትችላላችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይም ከታችም እኩል የሆነ ቆርቆሮ ፈልጉ። ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርጋችሁ፣ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ትታችሁ ትከሉት። ጠዋት በማስመሪያ የውኃውን ጥልቀት ለኩ። ማስመሪያው ላይ ያለችው ትንሿ መስመር አንድ ሚሊ ሜትር ናት። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብንል አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በጥማዱ ላይ 2,500 ሊትር ያፈስሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125 ማለት ነው። ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ጻፉ፤ ውኃውንም ድፉት።

ብዙ ባለሙያዎች «ዝናብ ገባ» የሚሉት በ3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲዘንብና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ረጅም ደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። የመጀመሪያውን በቆርቆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛውን ግን ቆርቆሮው አያውቀውም። የ10 ቀኑን ትንበያ በሬዲዮ መከታተል የሚያስፈልገው ዘር ከጎተራ ሳይወጣ በዚያው ሰሞን ነው።